ጥርሴ ታሞ ጨጓራዬን ያከምኩባቸው ሰባት ወራት

አፌ መምረር የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። ጠዋት ስነሳ ሳንቲም ስጠባ ያደርኩ ይመስለኛል። ቡና ብጠጣ፣ ጥርሴን ብቦርሽ፣ ግማሽ ሰዓት አይቆይም፣ ተመልሶ ይመጣል። አክስቴ «ሐሞትሽ ፈሶ ነው» አለች። ጎረቤቴ ተልባ በጥብጣ ይዛልኝ መጣች። አብረውኝ የሚያስተምሩት ደግሞ በአንድ ድምፅ ፈረዱ፦ ጨጓራ! እዚህ ሀዋሳ ራስሽን ቢያምሽም ጨጓራ ነው፣ እንቅልፍ ብታጪም ጨጓራ ነው። እኔም አመንኩ።

ክሊኒክ ሄድኩ፣ ካርድ አወጣሁ፣ ተሰለፍኩ፣ ደም ሰጠሁ። ነርሷ «እርጉዝ ነሽ እንዴ?» ስትለኝ ተቆጣኋት። በኋላ ሳነብ ግን በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት አፍ ብረት ብረት ማለቱ የታወቀ ነገር ነው። በሰባት ወር ውስጥ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ትርጉም የነበረው እሱ ነው፣ እኔ ደግሞ የጮህኩት በእሷ ላይ ነው።

ውጤቱ «ባክቴሪያ አለብሽ» ሆነ። ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን የጨጓራ ባክቴሪያ ማለታቸው ነው። የ14 ቀን መድኃኒት ታዘዘልኝ፦ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል፣ ከሁለት አንቲባዮቲኮች ጋር፣ አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን።

አሁን የሚያናድደኝ ቦታ ላይ ደረስኩ።

መድኃኒቱን በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን ምሬቱ እጥፍ ሆነ። ውሃ እንኳ መረረኝ። ተመልሼ ብጠይቅ «ባክቴሪያው እየሞተ ስለሆነ ነው፣ ጨርሺው» አሉኝ። መድኃኒቱን ጨርሺው ማለታቸው ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን ፈጠራ ነበር። ክላሪትሮማይሲን ራሱ ምራቅ ውስጥ ስለሚገባ አፍን መራራ ያደርጋል። ይህን የሚነግረኝ አንድ ሰው ባገኝ ኖሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ጦርነት አለ ብዬ አልጨነቅም ነበር።

ከዚያ ጨረስኩ። አፌ ጠራ! ሦስት ሳምንት ያህል ሰላም ሆንኩ፣ ላገኘሁት ሁሉ «ጨጓራ ነበር፣ ታከሙ» እያልኩ ሰበክሁ፣ አንዷን ባልደረባዬንም ገፋፍቼ እዚያው ክሊኒክ ላክኋት። በአራተኛው ሳምንት ያ ሳንቲም ተመልሶ መጣ።

ሐኪሙ እንደገና ደም አስመረመረኝ። ፖዘቲቭ። «ተመልሶብሻል» አለኝና ሁለተኛ ዙር ጻፈልኝ፣ አሁን ደግሞ ሜትሮኒዳዞል የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ተጨምሮበት። ሜትሮኒዳዞል የወሰደ ያውቀዋል፣ ቁልፍ አፍ ውስጥ ይዞ እንደመዋል ነው። ቆይቼ የተረዳሁት ነገር ግን ከጣዕሙ የባሰ ነው። ያ የደም ምርመራ የሚያየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል እንጂ ባክቴሪያውን ራሱን አይደለም። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። መዳንሽን ለማወቅ የሰገራ ምርመራ አለ፣ እሱም አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ከቆመ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚሠራው። ይህ ድብቅ እውቀት አይደለም። ታዲያ ለምን ደሜን ቀዱት?

ከሁሉም በላይ ግን አፌ መረረኝ ብላ የመጣችን ሴት አንድም ሰው «እስኪ አፍሽን ክፈቺ» አላላትም። ሆዴን ጫኑ፣ ደሜን ቀዱ፣ ግፊቴን ለኩ። አፌን ማንም አላየም።

እኔም አልተናገርኩም፣ እውነቱን ለመናገር። በግራ በኩል ከታች የዛሬ አራት ዓመት ያስሞላሁት ጥርስ አለኝ። ከሥሩ ድዴ ላይ ብጉር የምታክል ነገር ትወጣለች፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ትወጣለች። በምላሴ እነካካታለሁ። ስለማታመኝ ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኳትም። የሰባት ወር መልስ በምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

የተገኘውም በአጋጣሚ ነው። ግንቦት ላይ የእህቴን ልጅ ጥርስ ላስነቅል ይዤው ሄድኩ። ልጁ ማደንዘዣው እስኪይዘው ድረስ እንደ ቀልድ ሐኪሟን ጠየቅኳት። መብራቱን ወደ እኔ አዞረችና ድዴን በጣቷ ጫን አደረገችው። መግል ወጣ፣ ያ ጣዕም አፌን ሞላው። «እሱ ነው! እሱ ነው!» ብዬ ስጮህ ልጁ ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ።

ራጅ ተነሳሁ። ከጥርሱ ሥር ጥቁር ጥላ ይታያል። የጥርሱ ነርቭ ስለሞተ አያመኝም፣ መግሉም በዚያች ብጉር በኩል ስለሚፈስ አያብጥም፣ ቀስ እያለ አፌ ውስጥ ይንጠባጠባል። ሦስቱ የሰላም ሳምንታትም የጨጓራ ፈውስ አልነበሩም፣ አሞክሳሲሊኑ የጥርሱን ኢንፌክሽን ለጊዜው ዝም አሰኝቶት ነው። ሐኪሙን ያሳሳተው ይህ ነው፣ በዚህ በኩል ትንሽ አዝንለታለሁ። ትንሽ።

ይነቀል ወይስ የሥር ሕክምና ይደረግለት አለችኝ። ሥሩን አጽድታ ሞላችው፣ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ አለቀ። በሳምንቱ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርጄ የዓሣ ሾርባ ጠጣሁ፣ የዓሣ ጣዕም ነበረው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው፣ ክሊኒኮቹ ይቀየሙ። አፋችሁ ከሁለት ሳምንት በላይ ከመረራችሁ መጀመሪያ ጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ባያማችሁም። የምትውጡትን መድኃኒት ሁሉ ጽፋችሁ ያዙ፣ ምክንያቱም የስኳሩ ሜትፎርሚን፣ የግፊቱ ካፕቶፕሪል፣ የብረት ኪኒን ሁሉም ጣዕም ይቀይራሉ፣ ግን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳታቆሙ። ጫት የምትቅሙ ደግሞ አፍ ሲደርቅ ጣዕሙ እንደሚበላሽ ታውቃላችሁ፣ አትሸወዱ። ስትተኙ ጎምዛዛ ነገር ወደ ጉሮሮ እየወጣ ደረታችሁን የሚያቃጥላችሁ ከሆነ፣ እሺ፣ ያኔ ጨጓራ በሉ። ፋርማሲ የሚሸጥላችሁን ክሎርሄክሲዲን የተባለ የአፍ መጉመጥመጫ ግን በራሳችሁ አትግዙ፣ እኔ ገዝቼ ጥርሴን አጠቆረው፣ ጣዕሜንም ጭራሽ አባሰው።

ባለፈው ወር ለወባ ምርመራ እዚያው ክሊኒክ ገባሁ። ሰውዬው ካርዴን ገልጦ «ባክቴሪያው እንዴት ሆነ? ደም እንይልሽ?» አለኝ። አፌን ከፍቼ ጥርሴን አሳየሁት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም።