የተሰረዘው ስናፕሾት ገና ዲስኩ ላይ ነበረ

ጥር ሐዋሳ ውስጥ የሠርግ ወር ስለሆነ፣ የሠርግ ቪዲዮ ለምናቀናብር ሰዎች የዲስክ ቦታ የሚያጥርበትም ወር ነው። ባለፈው ጥር አንድ ማታ ባለ2 ቴራባይቱ የሥራ ዲስኬ ሞልቶ አልጽፍ ሲለኝ፣ አሮጌ ስናፕሾቶችን (ማህደር በአንድ ቅጽበት የነበረውን መልክ የሚያስቀሩ ቅጂዎችን) ላስወግድ ብዬ በስማቸው መነሻ የሚለይ የማጥፊያ ትእዛዝ ሰጠሁ። ትእዛዙ ካሰብኳቸው አምስቱ ጋር ስድስተኛውንም ይዞት ሄደ። ዋናውን ማህደር ከሳምንት በፊት ባዶ አድርጌው ስለነበር፣ የአንድ ሠርግ ጥሬ ቪዲዮ የቀረው በዚያ ስናፕሾት ውስጥ ብቻ ነበር።

ትእዛዙ ወዲያው አለቀ። ዲስኩ ግን አላረፈም፤ የሚጽፍበት ፕሮግራም ሳይኖር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ውስጡም ይንቋቋል። ተስፋ የሰጠኝ ያ ድምፅ ነው። ቢተርኤፍኤስ በሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) ስናፕሾት ሲሰረዝ ወዲያው የሚወገደው ስሙ ነው፤ የያዘውን ቦታ ቀስ በቀስ የሚያስለቅቀው ከጀርባ የሚሠራው የከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) አጽጂ፣ ክሊነር፣ ሲሆን፣ ስናፕሾቱ ትልቅ ከሆነ ሥራው ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ከዚህም በላይ ትእዛዙ ለውጡ ዲስኩ ላይ እስኪጸና አይጠብቅም። ፋይል ሲስተሙ ለውጦችን የሚያጸናው በተለመደው አሠራር በየ30 ሰከንዱ ስለሆነ፣ በዚያ መሃል ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ የተሰረዘው ስናፕሾት ተመልሶ ሊታይ ይችላል።

እኔ ነገሩን ስረዳ 30 ሰከንዱ አልፎ ነበር። ቢሆንም ኮምፒውተሩን በሥርዓት ማጥፋት ያልተጻፈውን ሁሉ ስለሚያጸና፣ ገመዱን በቀጥታ ነቀልኩት። ዲስኩን መልሶ እንደወትሮው መክፈትም ክሊነሩን ካቆመበት ያስቀጥለዋል። ስለዚህ ከፒያሳ አንድ ወዳጄ ሰፋ ያለ ዲስክ አውሶኝ፣ ኮምፒውተሩን ከፍላሽ አስነሥቼ፣ የተጎዳውን ዲስክ ሳልከፍተው ዲዲሬስኪው በተባለ የዲስክ መቅጃ ፕሮግራም ሙሉ ቅጂ አወጣሁ። ከ5 ሰዓት በላይ ፈጀ። ቅጂው ሲያልቅ ዋናውን ነቀልኩት፤ ሁለቱ አንድ መለያ ቁጥር ስለሚይዙ ፋይል ሲስተሙ አንዱን ከሌላው ሊያምታታ ይችላል።

ቢተርኤፍኤስ ሲጽፍ አሮጌውን መረጃ በቦታው አይደመስስም፤ አዲሱን በሌላ ቦታ ጽፎ መዝገቡን ወደዚያ ያዞራል። አሮጌው የመዝገብ ሥር፣ ማለትም የመዝገቡ መነሻ፣ ቦታው ለሌላ ነገር እስኪውል ድረስ እዚያው ይቆያል። ሱፐርብሎኩ (የፋይል ሲስተሙ ዋና መረጃ የሚቀመጥበት የዲስኩ ክፍል) ያለፉትን 4 ሥሮች ብቻ ስለሚያስታውስ ለእኔ አልደረሰልኝም፤ ስለዚህ ፋይንድ ሩት በተባለ መሣሪያ የቆዩ ሥሮችን ከነትውልድ ቁጥራቸው (የተጻፉበትን ቅደም ተከተል ከሚያሳየው ቁጥር ጋር) አውጥቼ፣ ከስረዛው በፊት ያለውን መረጥኩና ለሪስቶር ሰጠሁት። ሪስቶር ዲስኩን ሳይከፍት ፋይሎችን ወደ ሌላ ዲስክ የሚቀዳ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው ሙከራዬ ባዶ ማህደር ብቻ አወጣ። ልቤ ተሰበረ፤ ለካ ሪስቶር ካልተነገረው በቀር ስናፕሾቶችን ይዘላል። ስናፕሾትንም ጨምር የሚለውን ምርጫ ጨምሬ ደግሜ ሳስኬደው የክሊፖቹ ስም እየተከታተለ በስክሪኑ ላይ ይወርድ ጀመር። እስከዛሬ ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል።

ይህ ሁሉ የሠራው ዲስኩ የሚሽከረከር ዓይነት ስለነበረ ነው። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ) ቢሆን ኖሮ፣ ከከርነል 6.2 ጀምሮ የተለቀቁ ቦታዎች ለዲስኩ በራሳቸው ጊዜ ስለሚነገሩት፣ ዲስኩ ራሱ ሊያጸዳቸው ይችል ነበር።

ከ212 ክሊፖች 205ቱ ሙሉ ሆነው ተመለሱ። ክሊነሩ ሲሠራ የራሱን መዝገብ ባስለቀቀው ቦታ ላይም ይጽፋል፤ የሰባቱ መዝገብ የጠፋው በዚያ ይመስለኛል። ሌሎች ሥሮችንም አንድ በአንድ ሞከርኩ፤ አልተገኙም። ከሰባቱ አንዱ የሙሽራዋ እናት ምርቃት ነበር። በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ ራሴ ነገርኳቸው።