ኮሶውን ማን ወቀጠው? ታሪካዊ ልብ ወለድ የማነብበት መንገድ

ታሪካዊ ልብ ወለድ ሲነሳ ከጓደኞቼ ጋር ሁሌ የምንከራከርበት ነገር አለ። አንዱ «ቀኑን አሳስቷል፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጠመንጃ አልነበረም» ብሎ መጽሐፉን ይጥለዋል። ሌላው ደግሞ «ልብ ወለድ አይደል እንዴ! ምን አገባህ?» ይለዋል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። የቀን ስህተት ያናድደኛል፣ አልዋሽም። መጽሐፉን የምመዝነው ግን በሱ አይደለም። ዜና መዋዕሉ ዘሎት ያለፈውን ሰው አግኝቶልኛል ወይ? ጥያቄዬ ይሄ ነው።

ከዐፄ ቴዎድሮስ ልጀምር። ደራሲዎቻችን ደጋግመው የተመላለሱት እሳቸው ላይ ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን ጻፈ። አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ» መጣ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን መድረክ ላይ አቆማቸው። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ በእንግሊዝኛ ሞከራቸው። አይገርምም። ቋራ ላይ ሸፍቶ፣ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ጭኖ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብሎ ራሱን የገደለ ሰው ለደራሲ ምን ያህል ሥራ እንደሚያቀልለት አስቡት። ሕይወቱ በምዕራፍ ተከፋፍሎ የተሰጠ ይመስላል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ንጉሡ በጣም ደማቅ ስለሆኑ አጠገባቸው የቆመ ሰው ሁሉ ይጠፋል።

አንድ ክረምት የቴዎድሮስን መጻሕፍት አከታትዬ ለማንበብ ተነሳሁ። ከዚያ ወዲህ አነባበቤ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ልብ ወለዱን ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ። መሀል ላይ ስልክ አንስቶ «ይሄ ሰውዬ እውነት ነበር?» ብሎ መፈለግ የለም። እሱን ከጀመራችሁ አለቀላችሁ። ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ስትዘሉ ይመሻል፣ ልብ ወለዱም ይበርድባችኋል። የጠረጠርኩት ቦታ ላይ በእርሳስ ጫር አድርጌ አልፋለሁ።

ስጨርስ ወደ ታሪኩ እሄዳለሁ። ለቴዎድሮስ ዘመን ደብተራ ዘነብ የጻፉት ዜና መዋዕል አለ። አማርኛው ይጣፍጣል፣ ብዙም አይረዝም። መቅደላ ላይ ታስሮ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክም የእስር ዘመኑን ጽፏል። የንጉሡ ሰው እና የንጉሡ እስረኛ ስለ አንድ ሰው ሲያወሩ መስማት ብቻውን አንድ ልብ ወለድ ይወጣዋል። ከዚያ በእርሳስ የጫርኳቸው ገጾች ላይ እመለሳለሁ። ደራሲው ከታሪኩ የወጣው የት ነው? ለምን ወጣ? ብዙ ጊዜ ጎበዝ ደራሲ ከታሪክ የሚወጣው ስለማያውቅ አይደለም። የሆነ ሰው ፍለጋ ነው የወጣው።

ምን ማለቴ እንደሆነ በኮሶው ላሳያችሁ። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ደጃዝማች ወንድይራድ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፎክሮ በካሣ ላይ፣ ማለትም ገና ሳይነግሥ በነበረው ቴዎድሮስ ላይ ይዘምታል። ተሸንፎ ይማረካል። ካሣም ኮሶ አስወቅጦ አጠጣው፤ እናቴ ሳትሸጠው የቀረ ነው ብሎ እንዳላገጠበትም ይተረካል። የታሪክ መጻሕፍት ይህን በጥቂት መስመር ጨርሰው ወደ ቀጣዩ ጦርነት ይሄዳሉ። ንጉሥ ወዳድ ደራሲም የካሣን ፈገግታ ጽፎ ያልፋል።

እኔን ግን አንድ ነገር አያስተኛኝም። ያንን ኮሶ ማን ወቀጠው? መቼም ካሣ ራሱ ሙቀጫ ላይ አልተቀመጠም። ከሠራዊቱ ኋላ ድስትና ሙቀጫ ተሸክማ የምትሄድ አንዲት ሴት አለች። «ቶሎ ውቀጪ» ተብላለች። አበባው ሲደቅ ብናኙ አፍንጫዋ ውስጥ ይገባል። ምን ያህል እንደሚመር ታውቃለች፤ እሷም እንደ ማንኛውም ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው በባዶ ሆዷ ጨልጣዋለች። አሁን እየወቀጠች ምን ታስባለች? ትስቃለች? ወይስ እናቷ እሷም ገበያ ላይ ኮሶ ስትሸጥ ኖራ፣ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለው ስድብ ለሷም ደርሷታል? ጌቶቹ በሚሰዳደቡበት ሥራ እንጀራዋን የምትበላ ሴት ናት። ታሪክ ጸሐፊ ስለዚህች ሴት መጻፍ አይችልም፣ ማስረጃ የለውም። ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ይችላል። ይህንን ሳያደርግ ሲቀር ቅር የሚለኝ ለዚህ ነው።

ሴባስቶፖል ላይም እንዲሁ ነው። ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ሠራተኞች የተሠራው መድፍ ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ ነበር። ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ሲጎተት ወራት ፈጀ። የጂዳና የበሽሎ ሸለቆዎች እንዴት ያሉ እንደሆኑ ያየ ሰው ይፍረድ፤ መንገዱ ራሱ እየተቆፈረ ነው የተሄደው። ቸርችል ጎዳና ላይ ቴዎድሮስ አደባባይ አምሳያው ተቀምጧል። ታክሲ ስጠብቅ አየዋለሁ። ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል። ገመዱ መዳፉን ስለላጠው ሰውዬ ግን አንድ ሙሉ መጽሐፍ ቢጻፍ ወረፋ ይዤ ነው የምገዛው።

ሌላው የለመድኩት ነገር መጽሐፉን ከመክፈቴ በፊት ሁለት ዓመተ ምሕረት ማየት ነው፤ የተጻፈበትን እና የሚተርክበትን። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ነገር ይነግራል። ስኮትላንዳዊው ዋልተር ስኮት በፈረንጆቹ 1814 የመጀመሪያውን ልብ ወለዱን ሲያወጣ፣ ነገሩ ከሆነ ስልሳ ዓመት እንዳለፈው ርእሱ ላይ ጨምሮ ነው ያወጣው። ቶልስቶይም ናፖሊዮን ሩስያን ስለወረረበት ጊዜ የጻፈው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። ይህ ርቀት ተንኮል አለው። የዓይን ምስክር የሆኑ ሽማግሌዎች ገና አላለቁም፤ ደራሲው ልጅ ሆኖ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ሰምቷል። ሲጽፍ ግን እሳቱ በርዷል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን የማየው በዚህ ዓይን ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ተወለዱ፣ መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ወጣ። ብዙ ሰው የፍቅር ታሪክ ነው ይላል። ብዙዎቻችንም መጀመሪያ የሰማነው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ስለሆነ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ጆሯችን ላይ ቀርተዋል። ለኔ ግን ካነበብኳቸው ሁሉ ምርጡ ታሪካዊ ልብ ወለድ ነው፣ ንጉሥ ሳይነግሥበት። ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሮቻቸው ጋር በግብር የተነሳ እስከ ጦርነት ሲደርሱ፣ በአበጀ በለው ሲማረኩ፣ ያ ሥርዓት እንዴት ይሠራ እንደነበር ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ በላይ ይገባችኋል። ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉ ወላጆችም አሉ፤ ስለት ሰውን ለዕድሜ ልክ እንዴት እንደሚያስር ታያላችሁ። ጉዱ ካሣ ብቻ ትንሽ ያስቸግረኛል። እወደዋለሁ፣ አንዳንዴ ግን ደራሲው በሱ አፍ ንግግር ሲያደርጉ ይሰማኛል። ይህን ስል የሚቆጡኝ አሉ። ይቆጡ።

ርቀቱ ዜሮ ሲሆንስ? «ኦሮማይ» አለላችሁ። በዓሉ ግርማ በ1974 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጽፎ በ1975 ኩራዝ አሳተመው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ። ሲጻፍ ታሪካዊ ልብ ወለድ አልነበረም፣ የትናንትና ወሬ ነበር። ዛሬ የሚያነበው ወጣት ግን ደርግን ያላየ፣ አስመራን የማያውቅ ነው። ለሱ ታሪክ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ ሥራው የመንግሥትን ወሬ ማሳመር። ውስጥ ሆኖ እያየ፣ እየሠራ፣ እየተጠራጠረ ይተርካል። ስልሳ ዓመት የጠበቀ ደራሲ ያንን ትኩሳት ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ የርቀት ሕጌ «ኦሮማይ» ላይ ሲደርስ ይሰበራል። ደስ ይለኛል።

ከውጭዎቹ አንዱን ብቻ ላንሳ። ነቢይ መኮንን የአሜሪካዊቷን ማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። የትርጉሙ ታሪክ ራሱ ከልብ ወለዱ አይተናነስም። እኔም እንደ ብዙ ሰው በአንድ ትንፋሽ ነው የጨረስኩት። ስካርሌት የማትረሳ ሴት ናት፤ ረሃቡ፣ ጦርነቱ፣ የአትላንታ መቃጠል ሁሉ ዓይናችሁ ላይ ይሄዳል። ታሪኩ ግን በባርያ አሳዳሪዎቹ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነው የሚታየው። በፈረንጆች 1936 ሲታተም ባርነትን የደጋግ ጌቶችና የታማኝ አገልጋዮች ኑሮ አስመስሎ አቀረበው። እዚህ ላይ ያው የኮሶዋን ሴት ጥያቄ እጠይቃለሁ። ጥጡን የለቀመው ሰው የት አለ? ስካርሌትን ሲያጥብና ሲያለብስ እናየዋለን፣ ማታ ቤቱ ገብቶ ግን አናየውም። መጽሐፉን አልጠላሁትም። አብሬው እየተከራከርኩ አነበብኩት፣ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ያ ጥያቄ ሙሉ መልስ ያገኘው መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ በጻፈችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» ላይ ነው። በፈረንጆች 2019 ወጥቶ በማግሥቱ ዓመት ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች ተርታ ገባ። ጣሊያን ሲወር የጦር አለቃ ቤት የምትኖር ሂሩት የምትባል ወላጅ አልባ አገልጋይ አለች። ከአባቷ የቀራት አንድ ውጅግራ ነው። እሱንም ጌታዋ ለጦርነቱ ብሎ ይወስድባታል። በቃ፣ የጀግንነት ታሪክ የምንለው ነገር ሁሉ እዚያች ጠመንጃ ላይ ተገለበጠ። ሀገር ለማዳን የሚዘምተው ሰው የምስኪን ልጅ ንብረት ነጥቆ ነው የሚዘምተው። ደራሲዋ የገዛ ቅድመ አያቷ የአባቷን ጠመንጃ ይዛ እንደዘመተች ተናግራለች። መሀል ላይ የሚገባው የዝማሬ ዓይነት ትረካ ለኔ ትንሽ በዛብኝ፤ እዚያ ላይ እየዘለልኩ ነበር። ውጅግራዋን ግን አልረሳትም።

የማልታገሰውን ልንገራችሁ። ገጸ ባሕርይ እንደ ታሪክ አስተማሪ ሲያወራ መጽሐፉን እዘጋዋለሁ። ዓድዋ ላይ ያለ ወታደር ለጓደኛው «እንደምታውቀው ዛሬ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ባመጣው ጣጣ...» ብሎ ይጀምርለታል። ኧረ በሕግ! ሰውዬው የሚያስበው ስለ ስንቁ ነው። ጫማ የለውም፣ ብርድ ነው፣ በሶው አልቋል። ስለ አንቀጽ 17 እኔ ሌላ ቦታ አነባለሁ። ሁሉም ሴት ወይ ቆንጆ ወይ ሰላይ የሆነበትን መጽሐፍም እንዲሁ።

መጽሐፍ የማገኘው ባብዛኛው ከአሮጌ ነው። ብሔራዊ ቴያትር አካባቢ የሚዘረጉት ጋ፣ ወይም እስከ አገጫቸው ድረስ ደርድረው ካፌ ለካፌ ከሚዞሩት ልጆች። ዋጋውን ለመስማት ጠና ማለት ያስፈልጋል፤ የቆየ እትም መሆኑን ካወቁ ይሰቅሉታል። አሮጌ የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ከኔ በፊት ያነበበው ሰው ጭረት ይገኝበታል። አንዱ የገዛሁት ላይ የሆነ ሰው ከንጉሡ ንግግር ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ውሸት!» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ ሌላ እጅ፣ በሰማያዊ፣ «አንተ ነበርክ?» ብሎታል።

ታሪካዊ ልብ ወለድ አይገባኝም ለሚል ሰው መጀመሪያ የምሰጠው «ኦሮማይ»ን ነው። ይፈጥናል፣ ይስባል፣ አያስተኛም። ከዚያ «ፍቅር እስከ መቃብር»። ቴዎድሮስን ወደ ኋላ አቆየዋለሁ። የራሴን ቅጂ ግን አላበድርም። ገንዘቡን እሰጣችኋለሁ፣ ሄዳችሁ ግዙ።