ለክፉ ቀን የተቀመጠ ዕቃ

ድሬዳዋ ውስጥ ወፍራም ብርድ ልብስ የማይገኝበት ቁም ሳጥን ማግኘት ያስቸግራል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በግንቦትና በሰኔ ነጠላ እንኳ ከብዶን በረንዳ ላይ የምናድርባት ቆላ ናት። ሆኖም አንበሳና ነብር፣ ወይም ትልልቅ አበባ የታተመባቸው ብርድ ልብሶች ዚፓቸው ሳይከፈት ከነላስቲክ ቦርሳቸው በየቤቱ ተደርድረዋል። ባለፈው ዓመት የእናቴን ዕቃ ቤት ለማራገፍ ከእህቶቼ ጋር ስንነሣ በሩን ገፍተው የወደቁብን እነዚሁ ነበሩ። ለምን ይህን ያህል እንደገዛች ብጠይቃት፣ «ርካሽ ነበራ!» አለችኝ፣ እንደ እኔ ያለ ሞኝ ጠያቂ አይታ እንደማታውቅ ሁሉ።

መልሷ ከተማዋን ለሚያውቅ ሰው ትርጉም የለሽ አይደለም። ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ በሐዲዱ ዳር የተቆረቆረች፣ ዕቃ ሲወርድና ሲጫን እያየች ያደገች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ዘመዱን ጠይቆ ሲጨርስ ታይዋን የሚባለውን ገበያችንን ሳያይ አይመለስም፤ እኛ ደግሞ ከዚያ ገበያ አጠገብ የምንኖር ሰዎች ነን። በርካሽ የመጣ ነገር ነገ ላይኖር ይችላልና ዛሬ መያዝ አለበት የሚለው ሐሳብ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ነው። የምንገዛው ዕቃውን ስለፈለግነው ሳይሆን ዕድሉ እንዳያመልጠን ነው ብል ብዙ የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

ከዚህም የጠለቀ ምክንያት አለ። የእናቴ ትውልድ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከተማዋ ጫፍ ድረስ ሲመጣ ያየ፣ ቀጥሎም በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ ስኳርና ሳሙና በራሽን የወሰደ ትውልድ ነው። እኛም ብንሆን ዘይት ከሱቅ ሲጠፋ፣ ብርም በየዓመቱ አቅሙ ሲደክም አይተናል። ገንዘቡን በባንክ ከማስቀመጥ ቆርቆሮ ወይም ፌሮ ገዝቶ ግቢው ውስጥ የሚከምር ሰው ሲያጋጥመኝ ስለዚህ አልስቅበትም፤ ሒሳቡን ያውቃል። በሌላው ዓለም ስላለው የዕቃ ብዛት የሚጻፈው ምክር እንዳለ ሲገለበጥልን የማይዋጥልንም ለዚህ ይመስለኛል። ያ ምክር የጣሉትን ዕቃ በማግሥቱ ሱቅ ሄዶ መልሶ መግዛት የሚቻልበትን አገር ታሳቢ ያደረገ ነው። እዚህ «ካስፈለገ መልሰሽ ትገዢዋለሽ» ቢባል እናቴ የምትመልሰው በሣቅ ነው።

ይሁን እንጂ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ የሚለው ስም የማይገባቸውን ነገሮች ሁሉ ከለላ ሆኖላቸዋል። አምስት ሊትር ዘይት በክፉ ቀን ይበላል። የተቃጠለ ስታቢላይዘር፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ክዳን አልባ ፔርሙስና ገመዱ የተቆረጠ ካውያ ግን በክፉም በደጉም ቀን ያው ናቸው። የዕቃ ቤታችን ሦስት እጅ የተያዘው በዚህ ሁለተኛ ወገን ነበር፤ ሁሉም ግን «አንድ ቀን ይጠቅማል» በሚል አንድ ፈቃድ የገቡ ናቸው። ያ አንድ ቀን ሳይመጣ በድሬ ሙቀት ላስቲኩ ይደርቃል፣ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፣ ብረቱም ይዝጋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በአንድ ሌሊት በጎርፍ ሲያልቅ፣ በወንዙ ዳር የነበሩ ቤቶች የዕድሜ ልክ ዕቃቸውን ማንኪያ ሳይቀር አጥተዋል። ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ዕቃ መሰብሰብ ከንቱ ነው ብሎ ሲተው፣ አንዳንዱ ደግሞ የጠፋውን ለመተካት ይመስል ከቀድሞው ይበልጥ ሰብሳቢ ሆኖ ቀረ፤ በቤተ ዘመዳችን ሁለቱም ዓይነት ሰው አለ።

ከሁሉ ያስቸገረን የአባቴ መደርደሪያ ነበር። አባቴ ሸሚኖ ነበር፤ እዚህ የምድር ባቡር ሠራተኛን የምንጠራው እንዲህ ነው። የሥራ ዘመኑን የጨረሰው በወርክሾፑ ሲሆን፣ የነበረበትን ሥራ ሳይረዱ መደርደሪያውን መንካት ተገቢ አይሆንም ነበር። የዚያ ባቡር መለዋወጫ ይመጣ የነበረው ባሕር ተሻግሮ ነው፤ መጠበቅ ካልተቻለ ደግሞ እዚያው ቶርኖ ላይ ተቀርጾ ይሠራ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ ያደገ እጅ ዳዶ መጣል አይችልም። በመሆኑም በየመደርደሪያው የኒዶ ቆርቆሮዎች ተሰልፈዋል፤ በአንዱ ብሎን፣ በሌላው ሮንዴላ፣ በሌላው ተቃንቶ የተመለሰ ምስማር፣ በሌላው ደግሞ የምን እንደሆነ ማናችንም ያላወቅነው ትንንሽ የናስ ቀለበት ሞልቷል። በክዳኑ ላይ ልኩ በሚሊ ሜትር በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ጽሕፈቱ የእርሱ ነው። ይህ ሥርዓት እንጂ ትርምስ አልነበረም። ችግሩ ሥርዓቱን የሚያውቀው ሰው አለመኖሩና ከእኛ ከልጆቹ መካከል መፍቻ የሚይዝ አንድም አለመገኘቱ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩን የምናይበት መንገድ የተለወጠው። «ያስፈልገናል ወይስ አያስፈልገንም?» ብለን ብንጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ «ማን ያውቃል» ነበር፤ ማን ያውቃል የተባለ ዕቃ ደግሞ ከቦታው አይነሣም። ታናሽ እህቴ ጥያቄውን ቀየረችው፤ «ይህ ዕቃ ዛሬ በማን እጅ ይሠራል?» አለች። ቆርቆሮዎቹን ሳይከፈቱ፣ ከነጽሕፈታቸው፣ አባቴ ያሠለጠነው ሰው ለከፈተው ጋራዥ ሰጠናቸው። ሰውዬው የናሱን ቀለበት ገና ሲያይ ስሙን ጠርቶ ለምን እንደሚውል አስረዳን፤ እኔ አሁንም በቅጡ አልያዝሁትም። እናቴ በዚያ ዕለት አላዘነችም። ቆርቆሮው ለቁራሌ በኪሎ ቢሸጥ ኖሮ ግን ቤት አንገባም ነበር። ብርድ ልብሶቹም በዚሁ ጥያቄ ተፈቱ። ቁልቢ አካባቢ ደጋው ላይ የሚኖሩ ዘመዶች አሉን፤ ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ክብረ በዓል ሲደርስ ቤታቸውም ግቢያቸውም በእንግዳ ይሞላል፣ የዚያን ሰሞን የቁልቢ ሌሊት ደግሞ ለቆላ ሰው የሚቀመስ አይደለም። ተቀባዩ ስም ካለው ዕቃው ከቤት ለመውጣት አይታገልም፤ የሚታገለው ወደማይታወቅ ቦታ ሲሄድ ነው።

የቀረው ለቁራሌ ሆነ። ቁራሌው የመጣው ከጠዋቱ ፀሐይ ሳይበረታ ነው፤ ጆንያውን ደጃፍ ዘርግቶ፣ ሚዛኑን ከበሩ ብረት ላይ ሰቅሎ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ በጣቱ እያንኳኳ በድምፁ መለየት ጀመረ። እናቴ ለአሮጌው ቴሌቪዥን የጠራችውን ዋጋ ሲሰማ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እማማ፣ አቦ ይሄ እኮ ድሮ ነው የሞተው። የምወስደው ለሆዱ ዕቃ ነው፣ ውጪው ላስቲክ ነው።»

«ልጄ፣ ይህ ሲገዛ በዚህ ሰፈር ሁለተኛ አልነበረውም።»

«አምናለሁ እማማ፤ የምገዛው ግን ዛሬ ነው።»

ይህ ክርክር በእናቴ ብቻ የተጀመረ አይደለም። ዳንኤል ካነማን፣ ጃክ ክኔች እና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት ለግማሾቹ ተማሪዎች ተራ የቡና ኩባያ ሰጥተው ለግማሾቹ ሳይሰጡ ቀሩ፤ ከዚያም እንዲገበያዩ አደረጉ። ኩባያው ከደረሳቸው ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢሆንም፣ ያገኙት ተማሪዎች ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ ያላገኙት ለመግዛት ከፈቀዱት በእጥፍ ገደማ ይበልጥ ነበር። የእኔ ነው ማለት ብቻውን ዋጋ ይጨምራል ማለት ነው። ለአፍታ የተያዘ ኩባያ እንዲህ ካደረገ፣ ዓለም ዋንጫ የታየበትና የሠርግ ቪዲዮ ደጋግሞ የዞረበት ቴሌቪዥን ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ለዚህ ነው የራሴን ዕቃ ዋጋ እንድገምት ራሴን የማላምነው። ገማቹ ዕቃውን ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ሰው ቢሆን ይሻላል፤ ቁራሌ ከዚህ አንጻር የሚናቅ ዳኛ አይደለም።

ስለ ልዋጭ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። አሮጌ ልብስ ሰጥቶ ሳፋ ወይም ሰሐን መቀበል ዕቃን ማስወጣት ሳይሆን መልኩን መለወጥ ነው። የእህቴ ኩሽና በተደራረቡ የላስቲክ ሳፋዎች የተሞላው ልብስ መቀነስ በጀመረች ሰሞን ነው።

እዚህ ላይ ዕቃ መውደድ ራሱ ጥፋት ነው እያልሁ እንዳይመስል፣ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ የምንርቃትን ሐረርን ማንሣት እፈልጋለሁ። በጁገል ውስጥ ወደ አንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት የገባ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በዕቃ ላይ ነው። ግድግዳው ሴቶች በእጃቸው በሰፉት ስፌት፣ በሰሐንና በገበታ ተሸፍኗል፤ ከፍታቸው የተለያየ መደቦች፣ ነደባ የሚባሉት፣ በምንጣፍ ተነጥፈዋል፤ በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት መስኮት መሰል መደርደሪያዎችም ባዶ አይደሉም። በቁጥር ቢታይ ከእኛ ዕቃ ቤት ያላነሰ ነገር አለ። ነገር ግን አንዱም በሌላው ላይ አልተከመረም፤ አንዱም ከዓይን አልተሰወረም። እያንዳንዱ ስፌት የሚሰቀልበት ቦታ ይታወቃል፣ ማን እንደሰፋው ይነገራል፣ ለድግስ ይወርዳል፣ ተመልሶም ይሰቀላል። ግድግዳው ሲሞላ ሌላ የሚጨመርበት ስፍራ አይኖርም። በእኔ አስተያየት ቤት የሚታፈነው ዕቃው ስለበዛ ሳይሆን የሚዘጋ በር ስላገኘ ነው። እኛ በዘመናዊ ቤታችን ዕቃ ቤት፣ ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥን ላይ እያልን የማይታይ ቦታ ስናበዛ፣ ያ ግድግዳ የሚያስቀምጠውን ወሰን አጣን።

የቡፌው ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ቡፌ ይታያል፤ ሆኖም መስታወቱ ተቆልፎበታል። ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ስኒዎችና ብርጭቆዎች «ለእንግዳ» ተብለው ሲቀመጡ፣ ቤተ ሰቡ ጠርዙ በተሸረፈ ይጠጣል። እናቴን ለማሳመን ብዙ ደከምን። በመጨረሻ የተስማማችው ቡናው በሰንበት ብቻ በእነዚያ ስኒዎች እንዲቀርብ ነው፤ አንዱ ቢሰበርም ወቀሳ እንዳይኖር እኛ በበኩላችን ተስማማን። እስካሁን የሰበረችው እርሷ ብቻ ናት።

ሁሉም ዕቃ ሰብሳቢ በምክር እንደማይመለስም ማወቅ ያስፈልጋል። ምንም ነገር መጣል እስኪያቅት፣ መኝታና ምግብ ማብሰያ ቦታ እስኪታጣ ድረስ ማከማቸት ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ራሱን የቻለ ሕመም ተብሎ ተመድቧል። እንዲህ ያለ ሰው ቤት እርሱ በሌለበት ገብቶ ጠራርጎ ማውጣት ጭንቀቱን ያባብሰዋል እንጂ አይረዳውም።

ከቤት ውስጡ ይልቅ በእኛ ከተማ አስቸኳይ የሚሆነው የግቢው ነው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣ በመሆኑ ሮቶ፣ በርሜልና ጀሪካን የሌለው ግቢ የለም፤ እነዚህ ዕቃዎች ሥራ ላይ ያሉ በመሆናቸው ማንም አስወጡ ሊል አይችልም። ጥያቄው ከእነርሱ ጀርባ ያለው ነው፤ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ አፉን ወደ ላይ የከፈተ ድስት፣ «አንድ ቀን» የሚጠብቅ የመኪና ጎማ። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማችንን ሲያጠቁ አስተላላፊዋ ኤደስ የምትባለው፣ በቀን የምትናደፍ ትንኝ ነበረች። እርሷ የምትራባው በረግረግ ሳይሆን እንደነዚህ ባሉ ዕቃዎች ውስጥ በሚጠራቀም ጥቂት ውኃ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው፣ ከእስያ የመጣች አዲስ የወባ ትንኝም እንዲሁ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ መራባት ትችላለች። የኤደስ እንቁላል ከውኃው ጠርዝ ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ ውኃው ቢደርቅም ለወራት ሳይሞት ቆይቶ ዕቃው እንደገና ሲሞላ ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜልን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ ውስጡን በብሩሽ ፈግፍጎ ማጠብና መክደን ያስፈልጋል።

ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ ከጎረቤት ጋር ሆነን ግቢዎቻችንን አየን። የተሰነጠቁት ጀሪካኖች ለቁራሌ ሄዱ። አንድ ጎረቤታችን ግን ጣሪያቸው ላይ ያለውን ጎማ አላወርድም አሉ፤ ቆርቆሮውን ነፋስ እንዳያነሣው የተጫነ ነውና ልክ ነበሩ። ልጃቸው መሰርሰሪያ ይዞ ወጥቶ ጎማውን በሦስት ቦታ በሳውና ውኃው እንዲወርድ አደረገ።