ካትሪና የቆረጠቻትን ደሴት ከአራት ኪሎ መለካት

አውሎ ነፋስ የባሕር ዳርቻን እንዴት እንደሚለውጥ ለማጥናት ባሕር አጠገብ መኖር ግድ አይደለም። የመረጥኩት አሜሪካ፣ አላባማ ግዛት ያለችውን ዶፊን ደሴት ነው፤ በኦገስት 2005 እ.ኤ.አ. ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ምዕራባዊ ክፍሏን ቆርጣ ባሕር አሳልፋባታለች።

ማዕበሉ የሚመረጠው በዝናው ሳይሆን በምስሉ ነው። በ2012 ሳንዲ የተባለችው አውሎ ነፋስ ስትመታ፣ ምድርን ከሕዋ ከሚያነሱት የላንድሳት ሳተላይቶች መካከል የላንድሳት 5 ዋና ካሜራ ምስል ማንሳት አቁሟል፣ ላንድሳት 8 ገና አልመጠቀም፤ የነበረው ላንድሳት 7 ከ2003 ጀምሮ ምስሉ በጥቁር ሰንበሮች የተሸነሸነ ነው። ለካትሪና ግን ላንድሳት 5 በሥራ ላይ ነበር።

ሙሉ ምስል ማውረድ መብራት ሲሄድ እንደገና መጀመር ነው። ስለዚህ የሳተላይት ምስልን በኢንተርኔት በሚያቀርበው ጉግል ኧርዝ ኤንጂን ላይ ደሴቲቱን ብቻ ቆርጬ ባንድ 2ን (የአረንጓዴ ብርሃን ምስል) እና ባንድ 5ን (የአጭር ሞገድ ኢንፍራሬድ ምስል) አወረድኩ። ባንድ 5ን ከባንድ 2 ቀንሶ ልዩነቱን ለድምራቸው አካፍሎ ከዜሮ በላይ የሆነውን ውሃ፣ በታች ያለውን መሬት ብሎ መጀመር ይቻላል፤ ከዚያ ወሰኑን ምስሉን እያዩ ማስተካከል ነው። በባንድ 5 ፋንታ ባንድ 4ን (ቅርብ ኢንፍራሬድ) መጠቀም አይመከርም፤ ከማዕበል በኋላ የደፈረሰ ውሃ ቅርብ ኢንፍራሬድን ስለሚያንጸባርቅ መሬት ይመስላል። ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ ደግሞ እዚህ የለመድነውን የካርታ ዞን (ዩቲኤም) 37 ትቶ ዞን 16 ሰሜንን መምረጥ ያስፈልጋል።

ብዙውን ጊዜ የሚያሳስተው የባሕሩ መሙላትና መጉደል ነው። የዳርቻው ተዳፋት 1 ለ 50 ከሆነ፣ ውሃው ግማሽ ሜትር ከፍ ሲል መስመሩ 25 ሜትር ወደ መሬት ይገባል። ይህ አንድ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ነጥብ፣ 30 ሜትር) ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ አንድ እህል አሸዋ ሳይነቀል «ተሸረሸረ» ያሰኛል። ስለዚህ በደሴቲቱ ካለው የኖኣ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት) መለኪያ ጣቢያ የውሃውን ከፍታ አውጥቼ ተቀራራቢ ከፍታ ያላቸውን ምስሎች ብቻ አነጻጸርኩ። የተተነበየውን ሳይሆን የተለካውን መውሰድ ይገባል፤ ነፋስ የገፋው ውሃ በትንበያው ውስጥ የለም። የምስሉ ሰዓት የግሪንዊች ስለሆነ የጣቢያውም እንዲሁ ይሁን፤ የኛ የሰዓት አቆጣጠር ከገባበትማ አይፈታም።

በየ100 ሜትሩ ደሴቲቱን የሚያቋርጥ መስመር አስምሮ በባሕር በኩል ያለውን ዳርቻ ብቻ መለካት አይበቃም። ማዕበሉ አሸዋውን በደሴቲቱ ላይ አሻግሮ ከኋላ ይዘረጋዋል፤ ፊቷ ሲጠብ ጀርባዋ ሊሰፋ ይችላል። ሁለቱም ካልተለኩ የተዛወረው አሸዋ እንደጠፋ ይቆጠራል። ከግማሽ ፒክስል በታች የሆነውን ለውጥ እኔ አልተረጉመውም።

ማገገሟን ለማየት የሚቀጥል ሰው ከ2010 በፊት ያቁም፤ ያን ጊዜ የተቆረጠውን ቦታ በድንጋይ መዝጋት ተጀምሯል፣ ከዚያ ወዲህ ያለው የባሕሩ ሥራ ብቻ አይደለም።