ፀሐይ የተሳለባት የመድኃኒት ካርቶን

ዛሬ እማዬን ለደም ግፊት ክትትል ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይዣት ሄድኩ፣ ለካ ተሻለኝ ብላ መድኃኒቱን ካቆመች ወር ሊሞላት ነው ለኛም አልነገረችንም። እዛ እንደደረስን ሊቆጧት ነው ብዬ ፈራሁ። አንድ ኢንተርን (ገና በልምምድ ላይ ያለ ሐኪም) ልጅ ግን ወንበሩን አስጠግቶ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለና "እማማ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ይረፉ፣ እግርዎን መሬት ያስነኩ፣ ስለካ ደግሞ አያውሩ" አላት። ከዛ ሲለካት 170 በ100!! እኔ ደነገጥኩ እሱ ግን እጇን ይዞ "ግፊት እኮ ሳያምዎትም ውስጥ ውስጡን ልብና ኩላሊት ይጎዳል፣ ስትሮክም ያመጣል፣ ደህና የሆኑት እኮ መድኃኒቱን ስለወሰዱ ነው" ብሎ ቀስ አድርጎ አስረዳት። ጨው ቀንሱ የሚለውን ለኔም ጭምር ነው የነገረኝ (ሹሮ የምሠራው እኔ ነኝኮ)።

እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ይሄ ሲገባው የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ በእስኪርቢቶ ፀሐይ ሳለላት፣ ጠዋት ጠዋት ማለት ነው። እንባዬ መጣ እውነት ለመናገር።

ጓደኞቼ እናት አባቶቻችሁን አስለኩ፣ 140 በ90 እና ከዛ በላይ ከሆነ ሐኪም ይያቸው፣ አላመመኝም ቢሏችሁም እሺ አትበሉ። እማዬ አሁን ካርቶኑን ረከቦቱ ላይ ከስኒዎቹ ጎን አስቀምጣዋለች፣ ለመጣው ጎረቤት ሁሉ "ዶክተሩ ልጄ የሳለልኝ" እያለች ታሳያለች።