ጀፎረን ያለ ቀለም

የሄድኩት ጥቅምት ላይ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ገና ሳይደርቅ። ከአዲስ አበባ ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በጉብሬ አድርጌ ወደ እምድብር። ቦርሳዬ ውስጥ ያለችው አንዲት አሮጌ ካሜራና ሁለት ጥቅል ጥቁርና ነጭ ፊልም ናት፤ ኢልፎርድ ኤች ፒ 5። አንዱ ጥቅል 36 ፎቶ ያነሳል። እዚህ እንደልብ ስለማይገኝ ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ስለዚህ ያለኝ ዕድል 72 ብቻ ነው።

«በዚህ ዘመን ለምን ጥቁርና ነጭ?» የማይለኝ ጓደኛ የለም። ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት ይህንኑ አካባቢ በስልኬ በቀለም አንስቼው ነበር። እንሰቱ አረንጓዴ፣ ባሕር ዛፉ አረንጓዴ፣ ሣሩም አረንጓዴ። ያየው ሁሉ «ሲያምር! እንዴት ለምለም ነው!» አለኝ። የጠፋ ነገር መኖሩን ማንም አላየም።

ጀፎረን ለማያውቅ፦ በጉራጌ መንደር በሁለት ረድፍ በተሠሩ ቤቶች መሀል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። መንገድ ማለት እንኳ ያንሰዋል። ሰርጉም ለቅሶውም፣ የልጆች ጨዋታውም የከብቱ ግጦሽም እዚያው ነው። ከቤቱ ጀርባ ደግሞ እንሰቱ አለ። ጀፎረ የጋራ ነው፤ ድንበሩን ሲያስከብሩ የኖሩት በየጆካ ባህላዊ ሕግ የሚዳኙት ሽማግሌዎች ናቸው። ማንም ተነስቶ አጥሩን ወደፊት አይገፋም። አይገፋም ነበር ልበል መሰለኝ። አሁን አንዳንድ ቦታ ከቤቱ ፊት አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ይተከላል፤ ከዚያ ሌላ ረድፍ ይጨመራል፤ ሣሩ በየዓመቱ ይጠባል።

በባሕር ዛፍ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። በአጤ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ለማቃለል የገባ ዛፍ ነው። ዛሬ የከተማው ፎቅ ሲሠራ የሚቆምበት አጣና ከዚህም ይጫናል። ቁርሴን እየበላሁ ሁለት አይሱዙ ሙሉ አጣና አለፈ። አብሮኝ የተቀመጠውን ወጣት ጠየቅሁት። «ልጅ ታሞ ሐኪም ቤት ስንሄድ የምንቆርጠው እንሰት አይደለም» አለኝ። ዝም አልኩ፤ ምን እላለሁ?

በማግስቱ ገና ሲነጋ አንድ ሣር ቤት አገኘሁ። ውስጥ እሳት ተያይዟል። ጭሱ በአንድ ቦታ አይወጣም፤ በክዳኑ ሁሉ ቀስ እያለ ይተናል። ቤቱ የሚተነፍስ ይመስላል። ለጥቁርና ነጭ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ሌንሱ ላይ ቢጫማ አረንጓዴ ፊልተር ገጥሜ፣ ከፊት፣ ከጎን፣ ተንበርክኬ፣ ደጋግሜ አነሳሁ።

«እማማ፣ ሣር ቤቱን እያነሳሁ ነው፤ ይፈቅዱልኛል?» አልኳቸው ባለቤቷ ብቅ ሲሉ። ካነሳሁ በኋላ መሆኑ ነው እንግዲህ።

«አንሳው። ግን እሱን ትተህ አዲሱን ብታነሳ አይሻልም?»

አዲሱ አጠገቡ ያለው ቆርቆሮ ቤት ነው። መርካቶ የሚነግደው ልጃቸው ነው የሠራላቸው። ሣር ቤት እንደሚያምር፣ መጥፋቱ እንደሚያሳዝን ተናገርኩ። ሳቁብኝ።

«ሣሩ የታለ? ከዳኙስ የታለ? ክረምት ሲያፈስ አንተ መጥተህ ትከድንልኛለህ?»

ይህን እያወራን የካሜራዬን ቁጥር አየሁት። 38 ይላል። 36 አልፎ? ሆዴ ቦጭ አለ። ኮቴን ደርቤበት ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ፊልሙ ጥቅሉ ውስጥ እንዳለ ነው። ሳጎርሰው የካሜራው ጥርስ ላይ አልያዘም ነበር። ያ ሁሉ ጭስ፣ ያ ሁሉ መንበርከክ፣ ባዶ!

በሦስተኛው ቀን ፊልሙን ሦስት ጊዜ አረጋግጬ ተመለስኩ። እማማ ግን እንግዳ ይመጣል ብለው ቡናውን አዲሱ ቤት አፍልተዋል። ሣር ቤቱ ጭስ የለውም። እሳት ያያይዙልኝ ብዬ እንዳልጠይቅ አፈርኩ። ያለ ጭሱ አነሳሁት። ጀፎረውንም አነሳሁት፤ የማለዳዋ ፀሐይ የባሕር ዛፎቹን ጥላ በሣሩ ላይ እንደ ፍርግርግ አጋድማዋለች። ሳጥበው ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። የእንሰቱ ቅጠል ሰፊና ፈዛዛ፣ ባሕር ዛፉ ቀጭንና ጥቁር። የትኛው የትኛውን እየገፋ እንደሆነ በግልጽ ይታያል።

ልሰናበት ስል እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው አዲሱ ቤት በር ላይ ቆሙ።

«በጥቁሩ አይደለም ዋ! የለቅሶ እንዳይመስል።»

በካሜራዬም በስልኬም አነሳኋቸው። በፊልሙ ላይ ቆርቆሮው ነጭ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ ብርሃኑ በልቶታል። ያሳተምኩላቸው ባለቀለሙን ነው። በሩ ደማቅ ሰማያዊ ነው። በጥቁርና ነጩ ላይ ይሄ ጨርሶ አይታይም።