የአንድ ያርድ እንጀራ

በካናዳ ፉትቦል፣ ማለትም ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው በሚሮጡበትና በሚገፋፉበት ጨዋታ፣ የኖርኩት በአንድ ያርድ ነው። በአሜሪካኖቹ ጨዋታ የአጥቂውና የተከላካዩ ቡድን መስመሮች አፍንጫ ለአፍንጫ ይፋጠጣሉ። በካናዳ ግን ተከላካዩ ከኳሱ አንድ ያርድ፣ ማለትም 91 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደኋላ ይቆማል። ትንሽ ትመስላለች። እኔን ያበላችኝ ግን እሷ ናት።

ለቦታዬ፣ ለመከላከሉ መስመር፣ ክብደቴ ቀላል ነበር። ቶሮንቶ ያደግኩ የሐበሻ ልጅ ነኝ፤ ቁመት አለኝ፣ ሥጋ ግን አይዝልኝም። ፊት ለፊቴ የሚቆመው ሰው 140 ኪሎ ነው። ተጠግቼ ልግፋው ብል ያደቀኛል። ያርዷ መንደርደሪያ ሆነችኝ። እሱ ገና እግሩን ሲያስተካክል እኔ ሁለተኛው እርምጃዬ ላይ ነኝ።

ስለዚህ ልምምዴን በሙሉ አነሳሴ ላይ አዋልኩት። ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው የአጥቂዎቹ መሪ) ሆን ብሎ ድምፁን እየቀያየረ ይጮሃል፤ ቀድመህ ወጥተህ 5 ያርድ እንድትቀጣ ነው። አትስማው። ዓይንህን ኳሱ ላይ ትከል፤ ኳሱ ሲነቃነቅ ብቻ ተነስ። ከዚያ ሥራው የእጅ ነው። ገጣሚህ ደረትህን ከያዘ አለቀልህ፤ ቀድመህ አንጓውን ምታው።

ሜዳውም ለእንደኔ ዓይነቱ ያደላል። ስፋቱ 65 ያርድ ነው፤ የአሜሪካው 53 ገደማ። ኳርተርባኩ ወደ ጎን ሲሸሽ ሮጦ የሚደርስበት ሰው ይፈለጋል። አጥቂው 10 ያርድ ለመሄድ ያለው ዕድል ሦስት ብቻ ስለሆነም ቶሎ ቶሎ ይወረውራል። ካሜሮን ዌክ በአሜሪካ ሊግ ቦታ አጥቶ ቢሲ ላየንስ የተባለ የካናዳ ቡድን ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ብቻ 23 ጊዜ ኳርተርባክ ጣለ። በዓመቱ የአሜሪካው ማያሚ ዶልፊንስ ወሰደው። የእሱን ቪዲዮ ያላየሁበት ሳምንት የለም።

ያስቸገረኝ ምግቡ ነው። ከድራፍቱ (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ከሚመርጡበት ቀን) በፊት የሚደረገው ፈተና ማርች ላይ ነው፤ ሁዳዴ መሀል። 102 ኪሎ ብረት ተኝተህ እስኪያቅትህ ትገፋለህ፣ 40 ያርድ ሰዓት ተይዞልህ ትሮጣለህ። እማዬ ደግሞ ጾም ማስፈታት አታውቅም። «በሽሮ ብረት አይነሳም ያለህ ማነው?» አለችኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ግን የንስሐ አባቴን አስፈቅጄ ተውኩት። ጠዋት አጃ በኦቾሎኒ ቅቤ፣ ቀን ሩዝና ምስር፣ ማታ ሽሮ በእንጀራ፣ ከመኝታ በፊት ቴምርና ተልባ። ጾመኛ ስፖርተኛ ካለ ምክሬ ዘይት አትፍራ ነው። ኪሎዬ አልወረደም። (የእማዬ ጎረቤቶች እስከ ዛሬ «ስንት ጎል አገባህ?» ይሉኛል።)

በመጨረሻዎቹ ዙሮች ተመረጥኩ። እዚህ ላይ ዜግነቴ ጠቀመኝ፤ ሊጉ ለረጅም ዓመታት ከ24ቱ ቋሚዎች ቢያንስ 7ቱ ካናዳውያን እንዲሆኑ ሲያስገድድ ኖሯል። ቢሆንም ቡድኖች ካናዳዊውን በብዛት የሚያሰልፉት በማጥቃቱ መስመር ነው። በመከላከሉ በኩል ወረፋ ያዝኩ።

ወረፋው የሚያልፈው በስፔሻል ቲም ነው፤ ኳስ ተጠልዞ ሲሄድ ተከትለህ መሮጥ። በካናዳ ሕግ ተቀባዩ ኳሱን እስኪነካ 5 ያርድ ርቀህ ትጠብቀዋለህ። በሙሉ ፍጥነት መጥተህ እዚያ ላይ ቀጥ ማለት ቀላል እንዳይመስልህ። ማንም የማይፈልገው ሥራ ነው፤ እኔ ግን ወደድኩት። አሰልጣኞቹ ስሜን የያዙት እዚያ ነው። ከፊቴ ያለው ልጅ ጉልበቱን ሲጎዳ ለመጥራት አላመነቱም።

ስለ ገንዘቡም ልንገርህ። ውድድሩ ከጁን እስከ ኖቬምበር ነው። ኮንትራት ፈረምክ ማለት ደሞዝ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ቡድኑ ዛሬ ጠዋት ሊያሰናብትህ ይችላል። ስለዚህ ከግሬይ ካፑ፣ ከሊጉ የዋንጫ ጨዋታ፣ በኋላ ያሉት የበረዶ ወራት የዕረፍት አልነበሩም። እኔ የመምህርነት ትምህርቴን ጨረስኩባቸው። ከቡድን ጓደኞቼ አንዱ አናጺ ነበር፣ ሌላው ቤት ይሸጥ ነበር።